ሰባተኛው ትራስ

ጃፓን፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2001

ለተከበሩ ሦስተኛው አጎቴ ለሊያው ጂን-ሹይ፤

አዲሱ ዓመት በጤና ገባልዎ? ጉልበትዎ ይጽና፣ የሻይ ማንቆርቆሪያዎ አይድረቅ፣ መንደሪንዎን ውርጭ አይንካብዎ። እኔ የአጎትዎ ልጅ የሹን-ፋ ልጅ፣ ዩ-ሺያ ነኝ። አባቴ ቢኖር ራሱ ይጽፍልዎ ነበር፤ እሱ ስለሌለ እኔ በዚህ በተንጋደደ ጽሕፈቴ ደፈርኩ። ስልክ እንዳልደውል ጆሮዎ ስልክ እምቢ ብሏል አሉኝ።

የምጽፈው ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የምሠራበት የጎማ ፋብሪካ የመኪና ጎማ አይሠራም። እኛ የምንሠራው የድልድይ ትራስ፣ በቋሚውና በድልድዩ መሐል የሚገባ ጎማ ነው። ባለፈው ሰኞ ፎርማናችን ሂሩማ አዲሱን የሥራ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፈ። እኔ ወረቀት ለማንበብ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ነኝ። ግን የጃፓን ጽሑፍና የኛ ጽሑፍ ዘመዳሞች ስለሆኑ፣ ከሩቅ የመንደራችንን ስም አየሁት። ሃያ አራት ትራስ፣ በወንዛችን ላይ ለሚሠራው አዲስ ድልድይ! የያዝኩትን ጓንት ጥዬ ቀረሁ። ሂሩማ ምን ሆንሽ አለኝ፤ የአጎቴ ቤት ከዚህ ድልድይ ሁለት መቶ እርምጃ ነው አልኩት። እንግዲያው በደንብ ሥሪው አለና ሄደ። ይህ ሰው ንግግር በሚዛን የሚገዛ ይመስለዋል።

ለመሆኑ ቋሚዎቹ ቆመዋል? ወንዙ ዳር ምን ይታያል? ሁሉንም ይጻፉልኝ።

እጅ የምትነሳዎ፣ ዩ-ሺያ


በጨረቃ አቆጣጠር የሁለተኛው ወር ሁለተኛ ቀን፣ የመሬት ጌታ በዓል

ለሹን-ፋ ልጅ ለዩ-ሺያ፤

በሰው አገር ያለሽ ልጃችን፣ እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ ሳህንሽ ጎድሎ አይደር። አባትሽም በሰላም ይረፍ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ጮክ ብዬ ያነበብኩት ጎረቤቴ አ-ቱ እንዲሰማ ነበር፤ ባላነበው ይሻለኝ ነበር። ድልድዩ ጎማ ላይ ይቀመጣል ስለው ሻዩ በአፍንጫው ወጣ።

«ታዲያ ጂን-ሹይ፣ ነፋስ ሲጎድለው ማን ሊነፋው ነው? አንተ ነህ?»

አሁን መንደሩ ሁሉ ብስክሌት መንፊያ እያሳየኝ ያልፋል። ስለዚህ አስረጂኝ። ብረት የሚያህል ነገር እያለ ጎማ ለምን? አይጥ አይበላውም? ፀሐይ አያደርቀውም? ምድር ስትገፋው የሚሄድ ከሆነ ወደ ቦታው የሚመልሰው ምንድን ነው? ሳይመለስ ቢቀርስ?

ቋሚዎቹ ስድስቱም ቆመዋል። ላያቸው ባዶ ነው፤ ሰው ያልተቀመጠበት በርጩማ ይመስላሉ። ጧት ጧት እየሄድኩ አያቸዋለሁ። ለምን እንደምጠይቅሽ ታውቂያለሽ። በትልቁ መንቀጥቀጥ ጊዜ አክስትሽን፣ ባለቤቴን፣ ከግድግዳው ሥር በሕይወት አውጥተናት ነበር። እየተናገረች ነበር። ሐኪም ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ የድሮው ድልድይ ደግሞ ወድቆ ወንዙ ውስጥ። በላይኛው መንገድ ዞረን እስክንደርስ መናገር አቁማለች። ይሄኛው ይቆማል ወይስ አይቆምም? እኔ ማወቅ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ከጎማውም ቁራሽ ላኪልኝ፤ አ-ቱ አፍንጫ ሥር አስቀምጥለታለሁ።

ሦስተኛው አጎትሽ


ጃፓን፣ ማርች 20 ቀን 2001

ለተከበሩ ሦስተኛው አጎቴ፤

ከወገብ ሕመም ይሰውርዎ፣ እንቅልፍዎ ይጣፍጥ። ለአቶ አ-ቱም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ ነፋስ የሚባል ነገር ውስጡ የለም ይበሏቸው።

ጥያቄዎን ለኢንጂነራችን ለኦባታ አቀረብኩ። ወጣት ሴት ናት፣ ስትጠየቅ ደስ ይላታል። ትራሱ ስፋቱ የምግብ ጠረጴዛ ያህላል፣ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ነው። አንድ ጎማ፣ አንድ ላሜራ፣ አንድ ጎማ፣ አንድ ላሜራ እየተደረበ ነው የሚሠራው። ላሜራው ጎማው በክብደት እንዳይጨፈለቅ ይይዘዋል፤ ጎማው ደግሞ ወደ ጎን ይለጠጣል። ምድር ስትንቀጠቀጥ ቋሚው ከምድር ጋር ይሮጣል፣ ድልድዩ ግን ከላይ ሆኖ ዝግ ብሎ ይወዛወዛል። መሐሉ ላይ ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ላይ የሚያስሩት ዓይነት እርሳስ፣ ያ ለስላሳው ከባድ ብረት፣ ይሰካል። ጎማው ይመልሰዋል፣ እርሳሱ የመንቀጥቀጡን ጉልበት ይበላል። አይጥ አይበላውም። ፀሐይም እንዳያገኘው ሌላ ጎማ ይለብሳል።

የኔ ሥራ መደረቡ ነው። ሁለት ሴቶች ሆነን ላሜራውን እናነሳለን፣ ማጣበቂያ የተቀባውን ፊቱን ሳንነካ ጎማው ላይ እናሳርፋለን። ከዚያ በመጭመቂያ ውስጥ ለሰዓታት ይጋገራል፣ ጎማና ብረቱም አንድ ሥጋ ይሆናሉ። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ እንደ ሙሽራ ነው የሚታጠቡት። ቅባት የለም፣ ዱቄት የለም፣ ከጓንቱ የሚወድቅ ክር እንኳ የለም። አምና አንዲት አዲስ ሠራተኛ እጇ በብርድ ቢሰነጠቅባት ቅባት ተቀብታ ገባች። ያ ትራስ ሲፈተን ጎኑ ላይ እንደ ጥርስ ሕመምተኛ ጉንጭ አበጠ፤ ጎማው ከላሜራው በጣቷ ልክ ተላቅቋል።

እያንዳንዱ ትራስ ሳይፈተን አይወጣም። ድልድይ የሚያህል ክብደት ከላይ ይጫንበትና ወደ ጎን ይገፋል፣ ይመለሳል፣ ይገፋል። ቀጥ ብሎ የገባው ነገር እንደተገፋ የመጽሐፍ ክምር ይጋደማል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አሁን ግን ሻይ ስጠጣም እሱን ነው የማየው።

ቁራሹን ልኬያለሁ። በጥርስዎ እንዳይሞክሩት።

ዩ-ሺያ


በጨረቃ አቆጣጠር የሦስተኛው ወር አሥራ አምስተኛ ቀን

ለዩ-ሺያ፤

ሥራሽ ይባረክ፣ እጅሽ ይለምልም። ቁራሹን በጥርሴ ሞከርኩት። ጥርሴ ተሸነፈ።

መቃብር የምናጸዳበት ቀን አልፏል። ሣሩን ነቅዬ ለአክስትሽ ስለ ትራሱ ነገርኳት። በሕይወት ሳለች እኔ የምላትን ማመን አትወድም ነበር፤ አሁንም ያመነች አልመሰለኝም። ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። ከዚህ ጋር ባለችው ቀይ ከረጢት ውስጥ በድልድዩ አፍ ካለው ከመንደራችን ጠባቂ አምላክ ከመሬት ጌታ መሠዊያ የወሰድኩት የዕጣን አመድ አለ። ሰው አዲስ ቤት ሲሠራ ከዋናው አግዳሚ ሥር አመድ ያኖራል፤ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድም አንገቱ ላይ ያስራል። አንቺም ስትሄጂ አስረሽ ነበር። የመሬት ጌታ ከድልድዩ ሥር ማን እንዳለ ማወቅ አለበት። ከትራሶቹ በአንዱ ውስጥ ቆንጠር አድርገሽ አኑሪልኝ። ዱቄት አይገባም ብለሻል፣ አንብቤያለሁ። ይህ ግን ዱቄት አይደለም።

አፏን በራሴ እጅ ሰፍቻታለሁ። ስንተኛው ትራስ እንደሆነ ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ሦስተኛው አጎትሽ


ጃፓን፣ ጁን 17 ቀን 2001

ለተከበሩ ሦስተኛው አጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ ዕድሜዎ ይርዘም። ስለ ዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እዚህ ዝናቡ ገብቷል፤ ልብስ አይደርቅም፣ ዳቦ በሁለት ቀን ይሻግታል። የጎረቤቴ ድመት አራት ወልዳለች። ትራሶቹ አልቀዋል፣ ሁሉም ፈተናውን አልፈዋል፣ በሚመጣው ወር መጨረሻ መርከብ ላይ ይጫናሉ።

ያዘዙኝን አድርጌያለሁ። ሰባተኛው ነው።

ስለ ወገብዎ አልጻፉልኝም። ሙቅ ውሃ ያድርጉበት።

ዩ-ሺያ


በጨረቃ አቆጣጠር የአምስተኛው ወር አሥራ ስድስተኛ ቀን

ለዩ-ሺያ፤

ሰላምታዬን እንዳለ ቁጠሪው፤ ዛሬ በረጅሙ ለመመረቅ ልቤ አላረፈም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ለሽማግሌዎቹ ሁሉ ሰባተኛው ብዬ ነገርኳቸው። አ-ቱ ብቻ ትራሱ ይሠራል ወይ የሚለውን አሳየኝ አለ። እኔም ልሠራለት ተቀመጥኩ። የሚለጠጠውን የሩዝ ቂጣ ገዝቼ በቀርከሃ ስንጣሪ መካከል ደረብኩ፤ አንድ ቂጣ፣ አንድ ቀርከሃ፣ አንቺ እንደጻፍሽው። ከላይ ሳንቃ፣ ሳንቃው ላይ የሻይ ስኒ። ጠረጴዛውን ነቀነቅኩት። ስኒው ዝግ ብሎ ተወዛወዘ፣ ጠብታ አልፈሰሰም። አ-ቱ ዝም አለ፤ በአርባ ዓመት የመጀመሪያው ነው።

በማግስቱ ሌሎች ሰዎች ይዞ መጣ፣ ድገመው አለ። ያ ቂጣ ስለደረቀ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። የዚያኛው ሱቅ ሰው ቂጣው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ዱቄት ይነሰንስበታል። ደረብኩት፣ ነቀነቅኩት። ቂጣው ከቀርከሃው ላይ ሸርተት ብሎ ወጣ፣ ስኒው ወደቀ፣ ተሰበረ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ጣቴ ላይ ያለውን ዱቄት አየሁት። ከአመድ በምን ይለያል?

ልጄ፣ የነገርሽኝን ሰምቼ አልሰማሁም። ሽማግሌ ሲያዝሽ እምቢ ማለት እንደማትችይ እያወቅኩ አዘዝኩሽ። ዛሬ ጧት ድልድዩ ወደሚሠራበት ሄጄ ለኢንጂነር ጂዬን ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ የሰከርኩ መሰለው። ከዚያ ቁጥሩን ጽፎ ስልክ አነሳ። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ ነገሩ ፋብሪካሽ ይደርሳል። እንጀራሽን ከአፍሽ እንደነጠቅኩ አውቃለሁ። ግን የሌላ ሰው ሚስት በሰባተኛው ላይ ስታልፍ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ጂን-ሹይ


ጃፓን፣ ኦገስት 4 ቀን 2001

ለተከበሩ ሦስተኛው አጎቴ፤

በአክስቴ ነፍስ ይዤዎታለሁ፣ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ እንዳይቀድዱት።

አመዱን አላስገባሁትም። በማንኛውም ትራስ ውስጥ የለም። ከረጢቷን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ስፌትዎን ያውቁታል፣ አልተፈታም። ከሁለት ወር በላይ የመኝታ ትራሴ ሥር ነበረች። ጧት ኪሴ ከትቼ እወጣለሁ፣ በሩ ላይ ስደርስ ልብስ መቀየሪያው ሣጥን ውስጥ እተዋታለሁ፣ ማታ ይዣት እመለሳለሁ። ማስገባቱን እጄ እምቢ አለ፤ አይሆንም ብሎ መጻፉንም ያው እጄ እምቢ አለ። ስለዚህ ዋሸሁ። ሰባት ያልኩት ቁጥር መጻፍ ስለነበረብኝ ነው። እርስዎ ደስ ይልዎታል፣ ድልድዩም ይቆማል፣ ማን ይጎዳል ብዬ ነበር።

ስልኩ የመጣ ዕለት ሂሩማ ጠራኝ። ኢንጂነር ኦባታም ነበረች። አላስገባሁም፣ አጎቴን ነው የዋሸሁት አልኩ። ሂሩማ ጠየቀኝ።

«አጎትሽን የዋሸሽ ሰው እኔን የማትዋሺኝ ለምንድን ነው?»

ከረጢቷን አወጣሁ። ስፌት መልሶ መስፋት ይቻላል አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ብሆን ራሴን አላምንም ነበር።

ሃያ ሦስቱ ትራሶች ከሣጥናቸው ወጥተው እንደገና እንዲፈተኑ፣ ሰባተኛው ግን እስኪበጠስ እንዲገፋ ተወሰነ። ኦባታ ስትነግረኝ ያዘነች ለመምሰል ትሞክራለች፣ ግን ዓይኗ ያበራል። ለሽያጭ የተሠራ ትራስ የት ድረስ እንደሚሄድ አይታ አታውቅም፤ ስላለፈ ይሸጣል እንጂ አይሰበርም። እግዜር ይቅር ይበለኝና እኔም ማየት ፈልጌ ነበር። አንዱ ልቤ ከሥራ እባረራለሁ ይላል፣ ሌላው ልቤ የት ይደርስ ይሆን ይላል።

ክብደቱ ከላይ ተጫነ፣ መግፋት ጀመረ። እስከ ተለመደው ድረስ እንደ ሁልጊዜው ተጋደመ፤ ጎኑ ልሙጥ፣ የትም አላበጠም። ከጎማው ውፍረት ሁለት እጥፍ ተኩል ሄደ። ኦባታ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች። ሦስት እጥፍ። ጠርዙ ቀና ብሎ እንደ ጫማ ጫፍ ተነሣ። ሦስት ተኩል። ጎማው ውስጥ ውስጡን ይንቋቋል፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ እንደሚሄድ ሰው። አራት እጥፍ ሊሞላ ሲል ጮኸ። ድምፁን እግሬ ሥር ሰማሁት። ላዩ ከታቹ ተለየ።

ማንም ሳይቀድመኝ ሮጬ ሄድኩ፤ መሮጥ ክልክል ነው፣ ማንም አልከለከለኝም። አጎቴ፣ ከላሜራው አልተላቀቀም። ጎማው የተቀደደው በራሱ መሐል ነው፣ እንደ ሥጋ። በላይኛው ላሜራ ላይ ጎማ አለ፣ በታችኛውም ላይ ጎማ አለ፤ ብረት የታየበት የጥፍር ያህል ቦታ የለም። ሂሩማ ተንበርክኮ በጣቱ ዳሰሰ። ያ አልበቃውም፣ የቀረውን በመጋዝ አሰነጠቀው፣ እያንዳንዱን ድርብ ከፋፍሎ ሦስት ቀን በመብራት ፈተሸው። ሃያ ሦስቱም በድጋሚ አለፉ።

ንጹሕ ነው። ግን ተሰብሯል። ሌላ ሰባተኛ መሥራት አለብን፣ መርከቡም አምልጦናል፤ ከመንደሪን ለቀማ በፊት ሊከፈት የነበረው ድልድይ በእኔ ምክንያት ይዘገያል። ከመደረቢያው ክፍል አውጥተውኝ አሁን ሣጥን እቸነክራለሁ። አዲሱን ሰባተኛ ሌሎች ናቸው የሚሠሩት።

የመጣብኝን ቁጣ እቀበላለሁ። ብቻ ይጻፉልኝ።

ዩ-ሺያ


በጨረቃ አቆጣጠር የአሥራ አንደኛው ወር ሃያኛ ቀን

ለዩ-ሺያ፤

ደኅና ነሽ? ብርዱ አጥንትሽ ውስጥ አይግባ፣ ደጅሽ የሚያንኳኳ ወዳጅ አይጣ።

አምስት ወር ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። አንደኛው የስድብ ነበር፤ አንዳንዱ ጥሩ ስድብ ስለነበር ቆጨኝ።

ከረጢቷን ሳያት ስፌቴን አወቅኩት፤ እንደኔ አጣሞ የሚሰፋ በዚህ ወንዝ ዳር የለም። በለቀማው ሰሞን መንደሩ መንደሪኑን በትከሻው ተሸክሞ በጊዜያዊው የአፈር መንገድ ተሻገረ፣ መንገዱንም ጎርፍ ሁለቴ ወሰደው። በመቅደሱ ስብሰባ ላይ ድልድዩ ለምን ዘገየ ተብሎ ተጠየቀ። ቀድሞ አመድ አስገባሁ ብዬ የተናዘዝኩ ሰው እንደገና ተነስቼ አመድ አልነበረም ማለት ነበረብኝ። ዘመዴ ዋሽታኝ ነው ለማለት አፌን ከፈትኩ። አ-ቱ ከኋላ ሆኖ፣ ያዘዛት ማን ነው፣ ድመቷ ናት ወይ አለ። ተቀመጥኩ። ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ። አመዱን ወደ መሠዊያው መለስኩት፣ ለሚያውቀው ነገር ምስክር እንደማያሻው ለራሱ ለመሬት ጌታ ነግሬዋለሁ።

ድልድዩ ባለፈው ወር ተከፈተ። በተከፈተ በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሐኪም ቤት ስመለስ መሐሉ ላይ ደረስኩ፤ ምድር ተንቀጠቀጠች። ትልቅ አይደለም፤ በማዶ ያሉት ሰዎች ግን ከሱቅ ወጥተው ሲሮጡ አየሁ። እኔ የቆምኩበት ግን በጀልባ ላይ እንዳለሁ ያህል ዝግ ብሎ ወዲህ ሄደ፣ ወዲያ መጣ፣ ቆመ። የያዝኩት መድኃኒት አልወደቀም። ወደ ቤት አልሄድኩም። ቁልቁለቱን ወርጄ ከቋሚው ሥር ቀና ብዬ ትራሶቹን ሳያቸው ቆየሁ፣ አንገቴ እስኪደነዝዝ። ከዚያ ወደ አክስትሽ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ያመነችኝ ይመስለኛል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የተሰበረውን ሰባተኛ ግማሹን ላኪልኝ። ከመሬት ጌታ ጎን አቆመዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ይየው። ሽማግሌዎቹም ተስማምተዋል፣ ለአ-ቱም ቃል ገብቼለታለሁ። እንደማታሳፍሪኝ አውቃለሁ።

ሦስተኛው አጎትሽ


ጃፓን፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2002

አይሆንም።

አሁን ሰላምታዬን ላቅርብ። ለተከበሩ ሦስተኛው አጎቴ፤ ደብዳቤዎን አቅፌው አደርኩ። መድኃኒትዎ ይስማማዎ፣ መንገድዎ ሁሉ እንደዚያ ድልድይ ይሁን።

ግማሹ ከግማሽ ቶን በላይ ነው፣ የፋብሪካው ንብረትም ነው፤ ቢሆንም እሱ አይደለም ምክንያቴ። ከወር በፊት ወደ መደረቢያው ክፍል ተመልሻለሁ። ሂሩማ የተሰነጠቀውን ሰባተኛ መልሶ ደርድሮ በሩ አጠገብ አቁሞታል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እሱ ፊት አቁሜ ሁሉንም የምናገረው እኔ ነኝ፤ ቅባቱን፣ አመዱን፣ ውሸቱንም። ስጀምር አፍር ነበር። አሁን ልጆቹ ይጠይቁኛል፣ እኔም የማላውቀውን ኦባታን እጠይቃለሁ፣ ነገሩ አያልቅም። ስለዚህ ከዚህ አይነሣም። አቶ አ-ቱ ቢስቁም ይሳቁ።

ግን ሂሩማን አስፈቅጃለሁ። በአበባው ወር እርስዎ ራስዎ ይምጡ። እስከ ወደቡ ድረስ መጥቼ እቀበልዎታለሁ፣ ፋብሪካው በር ላይ እንደ ሙሽራ ታጥበው ይገባሉ። ከዚያ ላሜራው ላይ የቀረውን ጎማ በጥፍርዎ ይሞክሩት። አይላቀቅም።

ዩ-ሺያ